«የሳግን ዝርዝር ብገለብጥ አይበቃኝም?» ላልሽው፦ ተዋናይቷን ሩት ኔጋን በአንድ ሌሊት ከዝርዝሬ እንዴት እንዳጠፋኋት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከቢሮ ልጆች ጋር የእጩዎች ግምት ውድድር ልትገቢ ነው። መጀመሪያ ጎልደን ግሎብ፣ ፊልሙም የቴሌቪዥን ድራማውም፤ ከዚያ ኦስካር። «ለኦስካሩ የግሎብንና የሳግን ዝርዝር ጠብቄ ብገለብጥ አይበቃኝም?» ብለሻል። (ሳግ የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ሽልማት ነው፤ ከ2026 ጀምሮ ስሙ «አክተር አዋርድስ» ሆኗል።) አይበቃሽም። እኔ ገልብጬ ተቃጥያለሁ፤ አንቺ እንዳትቃጠዪ ነው የምጽፍልሽ። ትንሽ ይረዝማል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።

1. ስም ከመጻፍሽ በፊት ዘርፉን አረጋግጪ። ግሎብ ፊልሞችን ድራማ እና ሙዚቃዊ ወይም ኮሜዲ ብሎ ለሁለት ይከፍላል። የትኛው ፊልም የት እንደሚገባ በጭንቅላትሽ አትወስኚ። «ዘ ማርሺያን» ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው ነው፤ በ2016 ግን በኮሜዲ ዘርፍ ገብቶ አሸነፈ፤ ማት ዴመንም በኮሜዲ ተሸለመበት። እኔ በድራማ ጽፌው ነበር። ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ፣ ግን የገባበትን ዘርፍ ስላላየሁ ባዶ እጄን ቀረሁ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ይብሳል። «ሾገን» ሲጀምር በአጭር ተከታታይ ዘርፍ ነበር የሚታሰበው። በ2024 ግንቦት ላይ ሌላ ምዕራፍ ሊሠራለት እንደሆነ ሲሰማ ወደ ድራማ ተዛወረ። ቀድመው የጻፉት ሰዎች ዝርዝራቸው በአንድ ቀን ተናጋ። ደግሞ የረዳት ተዋንያን ዘርፍ በግሎብ ቴሌቪዥን አንድ ላይ ነው። ድራማው፣ ኮሜዲው፣ አጭሩ ተከታታይ፣ ሁሉም እዚያው ይጋፋል። በ2025 ከ6ቱ ወንዶች መካከል የ«ሾገን» ታዳኖቡ አሳኖ ከኮሜዲው «ሽሪንኪንግ» ሃሪሰን ፎርድ ጋር ነው የተወዳደረው። አሳኖ ወሰደው። የቴሌቪዥን ብቻ ሽልማት የሆነው ኤሚ ላይ ግን ድራማና ኮሜዲ ስለሚለያዩ እንዲህ ፊት ለፊት አይገናኙም።

ኤሚን ካነሳሁ አይቀር፣ የኤሚን ውጤት ወስደሽ ግሎብ ላይ አትለጥፊ። ኤሚ የሚቆጥረው ከጁን እስከ ሜይ ነው፤ ግሎብ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። «ዘ ቤር» በሴፕቴምበር 2024 ኤሚ ላይ ሲሸለም የሚታየው ሁለተኛው ምዕራፍ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግሎብ ላይ የታየው ሦስተኛው ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ሰዎቹ የመዘኑት ሥራ ግን ሌላ።

2. መራጩ ማን እንደሆነ እወቂ። ይሄ ነው ዋናው፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ድሮ ግሎብን የሚመርጡት መቶ የማይሞሉ ጋዜጠኞች ነበሩ። በ2021 ከመካከላቸው አንድም ጥቁር እንደሌለ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በ2022 ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን እንኳ አልተላለፈም። አሁን ባለቤቱም ተቀይሯል፤ መራጮቹ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ከ300 በላይ ጋዜጠኞች ናቸው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በየዘርፉ የእጩው ቁጥር ከ5 ወደ 6 አድጓል።

ስለዚህ የሆሊውድን ወሬ ብቻ እየሰማሽ ግሎብን አትገምቺ። መራጩ ብራዚል አለ፣ ጃፓን አለ፣ አውሮፓ አለ። በ2025 ብዙ እጩነት ያገኘው ፊልም አብዛኛው ንግግሩ በስፓኒሽ የሆነው «ኤሚሊያ ፔሬዝ» ነው፤ 10 አገኘ። በድራማ ምርጥ ተዋናይት ሆና ያሸነፈችው ደግሞ የብራዚሏ ፈርናንዳ ቶሬስ ናት። ስድስተኛዋን ቦታ ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛ ውጭ ለሚናገር ፊልም አስቢላት።

እዚህ ላይ አንድ የእኛን ልጅ ነገር ልጨምር። «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» በወጣበት ዓመት ግሎብ ከፊልሙ አንድ ዘፈን ለእጩነት መረጠ። ኦስካርም ከዚያው ፊልም አንድ ዘፈን መረጠ። ግን ዘፈኖቹ የተለያዩ ናቸው! ኦስካር የመረጠው የአቤል ተስፋዬን፣ የዘ ዊኬንድን ነው። አንድ ፊልም፣ ሁለት የተለያዩ መራጮች፣ ሁለት ዘፈን። የግሎብን ገልብጦ የጻፈ ሰው አቤልን አጣው።

3. ሦስተኛው ስለ ሳግ ነው፤ እዚህ ላይ ምክር ከምደረድር የሆነውን ልንገርሽ።

ጊዜው ጃንዋሪ 2017 ነው። ጥምቀት ካለፈ 5 ቀኑ። ቢሯችን ውስጥ 6 ሆነን በአንድ የግምት ድረ ገጽ ላይ ቡድን መሥርተን ነበር። ሰው በ200 ብር፣ 1,200 ብር። ገንዘቡ ምንም አይደለም፤ ክብሩ ነው። በቢሮው ፊልም ያውቃል የሚባለው እኔ ነበርኩ። ሻይ ላይ ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀው።

የምርጥ ተዋናይት ዝርዝሬን ታኅሣሥ ላይ ጨርሼው ነበር። ናታሊ ፖርትማን፣ ኤማ ስቶን፣ ሜሪል ስትሪፕ፣ ኤሚ አዳምስ፣ ሩት ኔጋ። ሩትን ታውቂያታለሽ፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት፣ የተወለደችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። «ላቪንግ» ላይ ብዙም ሳትናገር በዓይኗ ብቻ የሠራችውን አይቼ ነው የጻፍኳት። ወገኔ ስለሆነች አይደለም፣ አምኜባት ነው። ግሎብም እጩ አድርጓት ነበር።

ከዚያ የሳግ ዝርዝር መጣ። ሩት የለችም። የእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት፣ ባፍታም መጣ። በዋናው ዘርፍ አሁንም የለችም። በሁለቱም ላይ ያለችው ኤሚሊ ብለንት ናት። መጨረሻዋ ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ በስልኬ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ሁሉም ሰው የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፦ ከሳግም ከባፍታም የቀረ ሰው ኦስካር አይገባም። ሩትን አጠፋሁ። ብለንትን ጻፍኩ። ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ሆዴ አልተቀበለውም። ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የከፈትኩት እሱኑ ነው። መዝጊያው በፓስፊክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ ረፋድ 5 ሰዓት። 5 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ገባሁ። ኢንተርኔቱ ይጎተታል። ሩትን መለስኳት፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። ትዞራለች። ገጹን እንደገና ልክፈት ብዬ ዘጋሁት፤ ሲመለስ በቀይ ተጽፏል፦ ተዘግቷል። ከታች የብለንት ስም እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ለአዘጋጆቹ ያኔውኑ ጻፍኩ። ከመዝጊያው በፊት እንደተጫንኩ፣ ሰዓቱ የሚታይበት ፎቶ ጭምር አያይዤ፣ በትሕትና። በ3ኛው ቀን መልስ መጣ። ስሜን እንኳ አልጠሩም፣ «ውድ ተጠቃሚ» ነው የሚለው። አንድ መስመር፦ ደንቡ ገጹ ላይ አለ። በቃ። ከሌላ ክፍለ ዓለም፣ በደካማ ኔትዎርክ፣ ሌሊቱን ቀን አድርጎ የሚሳተፍን ሰው እንዲህ አይመልሱትም። ሁለተኛ እዚያ ገጽ ላይ አልተመዘገብኩም።

ገጹ በተዘጋብኝ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ከ18 ላይ፣ ስድስታችንም አንድ ኮምፒውተር ከበብን። ስሞቹ በፊደል ተራ ነው የሚነበቡት። ኢዛቤል ኡፔር አለ፤ እሷን ማናችንም አልጻፍናትም። ቀጥሎ ሩት ኔጋ። ሂሳብ ክፍል የምትሠራው ልጅ እልል አለች፣ በእውነት እልል አለች፣ ከአጠገብ ክፍል ሰው መጣ። እሷ ሩትን አልነካቻትም ነበር። ኤሚ አዳምስ ደግሞ ሳግም ግሎብም ባፍታም ይዟት፣ «አራይቫል» 8 እጩነት ሲያገኝ እሷ ቀረች። ብለንትም ቀረች። ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩት ከ5ቱ 4 ነበረው። የገለበጥኩት 3 ሆነ። በጠቅላላው ውጤት ልጅቷ የቀደመችኝ ስንት ነው? በ1 ነጥብ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አነበብኩ፤ ያገኘሁት ይሄ ነው። የሳግን እጩ የሚመርጠው ከማኅበሩ አባላት በዕጣ የሚወጣ ኮሚቴ ነው፤ ለፊልሙ 2,500 ገደማ፣ ለቴሌቪዥኑም ሌላ 2,500 ገደማ። የማኅበሩ አባል ደግሞ ከ100,000 በላይ ነው፤ ኮሚቴው በየዓመቱ ሌላ ሰው ነው። የኦስካርን የትወና እጩ የሚመርጡት ግን ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አባል የሆኑ ተዋናዮች ብቻ ናቸው፤ ከ1,000 ትንሽ የሚበልጡ። እነሱም 5 ስም በቅደም ተከተል ነው የሚጽፉት።

ቆጠራው ላይ ነው ምስጢሩ። 1,200 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። ለ6 ይካፈላል (ከ5ቱ የእጩ ቦታ በአንድ የሚበልጥ)፣ 1 ይጨመርበታል፣ 201። መጀመሪያ የሚቆጠረው 1ኛ ተብሎ የተጻፈው ስም ነው። 201 ሰው 1ኛ ካላት እጩ ናት። ካልሞላ ከታች ያሉት እየወጡ ድምፃቸው በወረቀታቸው ላይ ወደሚቀጥለው ስም ይዛወራል። አየሽ? 900 ሰው 4ኛና 5ኛ አድርጎ የጻፋት ተዋናይት ልትቀር ትችላለች። ጥቂት ሰው ከልቡ 1ኛ ያላት ትገባለች። ሩት በ2017 የገባችው እንዲህ ይመስለኛል። «ላቪንግ» ከእሷ በቀር ሌላ የኦስካር እጩነት አላገኘም። ያ ማለት ጥቂት ተዋናዮች ፊልሙን ፈልገው አይተው ከላይ ጽፈዋታል ማለት ነው።

ይሄን አውቄም በ2022 እንደገና ተሳሳትኩ። ሩት በ«ፓሲንግ» በረዳት ተዋናይት ዘርፍ መጣች። ግሎብ ያዛት፣ ሳግ ያዛት፣ ባፍታ ያዛት። ባለፈው በሳግ ምክንያት አጥፍቻት ነበርና አሁን በሳግ ምክንያት ጻፍኳት፤ ክሼዋለሁ ብዬ እፎይ አልኩ። ፌብሩዋሪ ላይ ስሞቹ ሲነበቡ ሩት የለችም። «ፓሲንግ» ኦስካር ላይ ምንም አላገኘም። ማን ገባ? በዚህ ዘርፍ ከግሎብም ከሳግም ከባፍታም ውጭ የነበረችው ጁዲ ዴንች፣ በ«ቤልፋስት»። ፊልሙ 7 እጩነት ነበረው፤ መራጮቹ ወደውታል፣ እሷንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያከብሯታል። ሩትን ሁሉም አድንቋታል፣ ግን 1ኛ ብሎ የጻፋት ሰው አነሰ። የእኔ ግምት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ለእያንዳንዷ ስም አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ይቺን 1ኛ ብሎ የሚጽፍ ሰው ማነው? መልሱን በዓይነ ሕሊናዬ ካላየሁት፣ ስሟ በስንት ዝርዝር ላይ ቢኖር አልጽፋትም። 4ቱን ቦታ የግሎብ፣ የሳግና የባፍታ ዝርዝሮች ይሞሉልኛል፤ 5ኛውን ግን በዚህ ጥያቄ ነው የምሞላው።

በ2025 ፈርናንዳ ቶሬስ ልክ እንደ ሩት ሆና መጣች። ግሎብን አሸንፋለች፤ ሳግ ላይ የለችም፣ ባፍታ ላይ የለችም። ሳግ በእሷ ቦታ ፓሜላ አንደርሰንን ይዟል። ቡድናችን ውስጥ 4 ሰው አንደርሰንን ጻፈ። እኔ «አይም ስቲል ሂር»ን አይቼው ነበር። ባሏን የወሰዱባት ሴት ልጆቿን ሰብስባ ለፎቶ «ፈገግ በሉ» የምትልበት ቦታ አለ። ያንን ያየ ተዋናይ 5ኛ አድርጎ አይጽፋትም። ቶሬስን ጻፍኩ፣ ሌሊት ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ተኛሁ። ጥር 15 ቀን ከሰዓት ሲነበብ፦ ኤሪቮ፣ ጋስኮን፣ ማዲሰን፣ ሙር፣ ቶሬስ። ከ5ቱ 5። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ሌላ መሥሪያ ቤት ናት አሁን፤ ደወለችልኝ። «ተበቀልክ» አለችኝ። አዎ፣ ተበቅያለሁ።

እና እህቴ፣ የግሎብሽን ዝርዝር እስኪወጣ ድረስ ማየት የምትችዪውን እዪ፤ ያላየሻቸውን ደግሞ ያየ ሰው ጠይቂ። የምትወዳደሩበት ገጽ መዝጊያው በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጠር አሁኑኑ ፈትሺ። የፓስፊክ እኩለ ሌሊት ከሆነ በክረምታቸው ለእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። ከዋዜማው ማታ በፊት አስቀምጪው፣ የተቀመጠውን ፎቶ አንሺው። ለኦስካሩ ዝርዝርሽን እዚሁ ለጥፊልኝ፤ 5ኛዋ ስም ላይ እንነጋገራለን።