«አልረሳሁህም፤ ጠፋኸኝ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን የምንከታተለው ተከታታይ ድራማ አለ። ባለፈው ክፍል መኪና ተገልብጦ ራሷን የተመታችው ሴት ሆስፒታል ውስጥ ነቃች። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ «ረሳሽኝ?» ሲላት «አልረሳሁህም፤ ጠፋኸኝ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ድራማውን ትተን ክርክር ያዝን። ወንድሜ «ካላወቀችው ረስታዋለች ማለት ነው፤ ደራሲው ተሳስቷል» አለ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ደግሞ «ልጅቱ ልክ ነው የተናገረችው» አሉ። ሐኪሙ «ትዝታዋን አጥታለች» ሲል የሳቁም ነበሩ። ቤቷ ከገባች በኋላ ቡና ቆልታ ስታፈላ «ባሏን ያላወቀች ይህን እንዴት አወቀች?» ተባለ። በመጨረሻ ባሏን «አስታውሰኝ» አለችው፤ ክፍሉም እዚያ ላይ አለቀ። «አትርሳኝ» ማለቷ ነው ወይስ «እንዳስታውስ አድርገኝ»? እባክዎን ያስታርቁን።

መልስ፦ እማማ ልክ ናቸው። ወንድምዎ የተከራከረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱንም ቃላት አንድ ቦታ ላይ የምንጠቀምባቸው ጊዜ ብዙ ስለሆነ ልዩነታቸው ይደበቃል፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ካልመጣ በቀር ማንም ልብ አይለውም።

«ረሳ» ሲባል የግሡ ባለቤት የረሳው ሰው ነው። «ቁልፉን ረሳሁት» ስል መርሳቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ትእዛዝ ይወጣዋል፤ «እርሳው!»፣ «እንዳትረሳ!» እንላለን። ሆን ብሎ መርሳትም አለ፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ «ያለፈውን ረሳሁልህ» ይባባላሉ። ሠሪ ካለ ደግሞ ወቀሳ አለ። ዓመት ሙሉ ዘመድ ያልጠየቀ ሰው ፒያሳ ላይ አጎቱን ቢያገኝ፣ አጎትየው «ረሳኸን እኮ!» ነው የሚሉት። የልጁን የአንጎል ጤና መጠየቃቸው አይደለም። ጥፋተኛ ነህ ማለታቸው ነው።

«ጠፋኝ» ግን ሌላ ነው። «ስሙ ጠፋኝ» ውስጥ የግሡ ባለቤት ስሙ ነው። የጠፋው እሱ ነው፤ እኔ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። ለዚህ ነው ትእዛዝ የማይወጣው። «ስሙን እርሳው» ይባላል፤ ሰው ስም እንዲጠፋው ግን የሚታዘዝበት ቃል የለንም። «ጥፋ!» ብንል ከፊቴ ዞር በል ይሆናል። «ሆን ብሎ ረሳኝ» የሚል ሰው አለ፤ «ሆን ብዬ ጠፋሁት» ብሎ ሌላ ሰው እንዳያውቀው ማድረግ ግን አይቻልም። እምቢ የሚለው ቋንቋው ራሱ ነው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሙሉ ቤት ሠርቷል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገባኝ። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው የሚመጣበትን ተቀባይ ነው። ከሁሉም ለጥያቄዎ የሚቀርበው «ናፈቀኝ» ይመስለኛል። ባልየው ሚስቱን «ናፈቅሽኝ» ሲላት የግሡ ባለቤት እሷ ናት፤ እሱ ያለበት ቦታ ቁጭ ብሎ ናፍቆቱ ይደርስበታል። «ትዝ አልሽኝ»ም እንዲሁ ነው። አሁን «ጠፋኸኝ»ን ከእነዚህ ጎን ያቁሙት። ናፈቅኸኝ፣ ትዝ አልኸኝ፣ ጠፋኸኝ። አንድ ቅርጽ፣ አንድ አመለካከት ነው። የናፈቀ፣ ትዝ ያለም ሆነ የጠፋ ሰው የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚጠብቀው ሰው በሩን ክፍት አድርጎ ተቀምጧል።

ስለዚህ ባልየው «ረሳሽኝ?» ሲል፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ወቅሷታል። እሷ የመለሰችው ወቀሳውን ነው። ይህን አላደረግሁም፤ የደረሰብኝ ነገር ነው አለችው። በአንዲት ቃል ለውጥ ይህን ማለት የቻለ ደራሲ ቋንቋውን ያውቃል፤ ወንድምዎ ይቅርታ ያድርግልኝና ስሕተት አላገኘሁበትም።

ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት አክስት ነበሩኝ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ሰው መለየት እያቃታቸው መጣ። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝና ብዙ ጊዜ አዩኝ። «ጠፋሁዎት?» አልኳቸው። «መልክህ አልጠፋኝም፤ ስምህ ነው የጠፋኝ» አሉ። ልጆቻቸው ከጎን ሆነው «እንዴ፣ እሱን ረሱት?» ሲሉ አክስቴ ተቆጡ። «ማን ረሳ? ረሳሁ አላልኩም!» በዚያ ሰዓት ብዙ ነገር ጠፍቷቸው ነበር። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ግን አልጠፋቸውም። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት እናት ወይም አባት ቤትዎ ካለ «ረሳኸኝ?» ወይም «ረሳሽኝ?» ብላችሁ አትጠይቁ ብዬ የምለምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። «ጠፋሁዎት?» ብትሏቸው ይሻላል።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ «ጠፋኝ» እና «ጠፋብኝ» አንድ አይደሉም። «ብኝ» ጉዳት ያለበት ነው፤ መሸብኝ፣ ተሰበረብኝ፣ ሞተብኝ እንደምንለው። ለስም ሁለቱም ይሠራሉ፤ «ስሙ ጠፋኝ»ም «ስሙ ጠፋብኝ»ም እንላለን። ለሰው ሲሆን ግን ይለያያሉ። ሰኞ ገበያ ግርግር መሀል የልጇ እጅ ያመለጣት እናት «ልጄ ጠፋብኝ!» ብላ ትጮኻለች። ያው ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ጢም አውጥቶ ከውጭ ሲመጣ፣ ጎረቤት «ልጁ ጠፋኝ እኮ!» ይላል፤ ፊቱ ቆሞ ሳለ። የመጀመሪያው የሌለ ሰው ነው፤ ሁለተኛው አለ፣ ያልታወቀ ነው። የድራማዋ ሴት ባሏ አጠገቧ ስለተቀመጠ «ጠፋህብኝ» አላለችም። «ጠፋኸኝ» ነው ያለችው፤ ትክክልም ነው።

ወደ ሐኪሙ ልምጣ። የሳቁት ጎረቤቶችዎ ጆሮ አላቸው። «ትዝታ» ማንኛውም የሚታወስ ነገር አይደለም። ናፍቆት ያለበት፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ነው፤ ይቀሰቅሳል፣ ያስተክዛል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ሌላ ክብደት አለው። ትዝታ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ከሌሎቹ ሦስት ሁለቱ፣ ባቲ እና አምባሰል፣ የዚሁ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አራተኛው አንቺሆዬ ነው። ታዲያ ደሴ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም «ትዝታዋን አጥታለች» ቢል፣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ክራርና ማሲንቆ ነው። ሐኪሙ ሊል የፈለገው ስለ ችሎታ ነው። «የማስታወስ ችሎታዋ ተጎድቷል» ቢል ይበቃው ነበር። ለቤተሰብ ሲናገር ደግሞ «ያለፈው ነገር አሁን ትዝ አይላትም» ቢል ሁሉም ይገባዋል። «ትውስታ»ም ቢሆን ከ«ትዝታ» ይሻላል፤ የጽሑፍ ቃል ጠረን አለው እንጂ ስሕተት የለበትም።

በደብዳቤዎ አልጠየቁኝም፣ ግን በእንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ሁልጊዜ የምሰማው አንድ ነገር ያሳስበኛል። «አእምሮዋን ስታለች» የሚሉ አሉ። ይህ ለሕመምተኛ ከባድ በደል ነው፤ የሚሰማው ሁሉ አበደች ብሎ ነው የሚረዳው። አእምሮ የግእዝ ቃል ነው፤ አእመረ ማለት ዐወቀ ነውና አእምሮ መጀመሪያ ትርጉሙ ማወቅ፣ ዕውቀት ነበር። አካሉን ለመጥራት አንጎል የሚል ቃል አለን። «ራሷን ሳተች»ም አይሆንም። ሳተ፣ ዒላማውን ሳተ እንደሚባለው፣ መሳሳት፣ ማጣት ነው፤ ማን እንደሆነች ለማታውቅ ሴት «ራሷን ሳተች» ማለት በቃል ፍቺው ሊያምር ይችላል። ነገር ግን ልማዱ ለመውደቅና ለመዝለፍለፍ ከያዘው ቆይቷል፤ ከዚያ ማስለቀቅ አይቻልም።

የቡናው ክርክር ከሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል። ሐኪም ስላልሆንኩ ስለ ሕክምናው አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ (አዲስ ነገር ለመያዝ የሚያስፈልገው የአንጎል ክፍል) ያለበት ቦታ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላ በ2008 እስኪሞት ድረስ አዲስ ነገር አልይዝለት አለ። የልጅነቱን ያውቃል፣ ይናገራል፣ ይጫወታል፤ አሁን የተዋወቀው ሰው ወጥቶ ቢመለስ ግን ይጠፋዋል። ብሬንዳ ሚልነር የምትባለው ተመራማሪ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ መስመር እንዲከተል አለማመደችው። እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተካነ ሄደ። እሱ ግን ያን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ትዝ አይለውም ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ አማርኛ የሚረዳ ነገር አለው። ሰውን «ታውቀዋለች» እንላለን፤ ያለፈ ነገርን «ትዝ ይላታል» እንላለን፤ ቡና ማፍላትን ግን «ትችላለች» ነው የምንለው። «ቡና መቁላት ታስታውሳለች» የሚል አበሻ አላጋጠመኝም። ሙያ ከእጅ ነው የሚነገረው፤ «እጇ ለምዶታል» ይባላል። ስለዚህ ባሏን ሳታውቅ ቡናውን መቁላቷ በቋንቋችንም የሚጣላ ነገር አይደለም፤ ማወቅና መቻል ሁለት ናቸው። ሌላ ልዩነትም እናገኛለን። «ጭንቅላቴ አይዝም» ሲል የነበረ ተማሪ ሁላችንም እናውቃለን፤ የቅኔ ቤቱም የቁርአን ቤቱም ልጅ ይለዋል። ያ አዲስ ነገር አለመያዝ ነው፤ የሞላይሰን ሕመም ከዚህ ወገን ነበር። የድራማዋ ሴት ደግሞ ይዛው የነበረው ነው የጠፋት። «አልይዝ አለኝ» እና «ጠፋኝ»፤ ሐኪሞቻችን ሁለቱን የሕመም ዓይነቶች ለቤተሰብ ሲያስረዱ እነዚህን ሁለት ቃላት ቢጠቀሙ፣ የውጭ ስም ከመደርደር ይልቅ የቆላ ገበሬም ይረዳቸዋል።

«አስታውሰኝ» እውነትም ሁለት ፍቺ አለው። አስታወሰ ትዝ አለው ማለትም ነው፣ ሌላውን ትዝ አሰኘው ማለትም ነው። የሚለየው አጠገቡ የሚቆመው ቃል ነው። «እኔን አስታውሰኝ» ቢሆን አትርሳኝ ነው። «ያን ቀን አስታውሰኝ» ወይም «ነገ እንድደውል አስታውሰኝ» ቢሆን አሳስበኝ ነው። ብቻውን ሲቆም ግን ሰዋስው አይፈርድም፤ ዓይን ነው የሚፈርደው። ክፍሉን እኔም አይቼዋለሁ። ባልየው ስለ ሠርጋቸው መናገር ጀምሮ ድምፁ ሲቆራረጥ ዝም አለ። እሷ ከግድግዳው ላይ የሠርጉን ፎቶ አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ቃሉን የተናገረችው ከዚያ በኋላ ነው። ወጥቶ የሚሄድን ሰው አትርሳኝ የምትል ሴት ፎቶውን ለራሷ ታስቀር ነበር። ይቺ ግን ለእሱ ሰጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች።