የማክቤዝን አንደኛ ገቢር ለምታጠኑ ልጆች

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በመሐል ሜዳ በየትያትር ክበቡ የሼክስፒርን ማክቤዝ ለያዛችሁ ልጆች፤

አንደኛው ገቢር ሰባት ትዕይንት ነው። ማስታወሻ ከመያዛችሁ በፊት ተሰብስባችሁ ጮክ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ከተገኘ ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጡት። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ተመለሱ፦ ንጉሥ ዳንከንን መግደልን መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?

ብዙ ተማሪ «ማክቤዝን ትንቢት የነገሩት ጠንቋዮች አሳሳቱት» ብሎ ያልፋል። እባካችሁ እንዲህ አትጻፉ። «ግደል» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሦስተኛውን ትዕይንት መስመር በመስመር ተከተሉት። የግላሚስ መስፍን ይሉታል፤ አባቱ ስለሞተ ይህን ራሱም ያውቀዋል። የኮዶር መስፍን ይሉታል፤ ንጉሥ ዳንከን ሹመቱን ሲሰጠው እኛ በሁለተኛው ትዕይንት ሰምተናል። ወደፊት ንጉሥ ትሆናለህም ይሉታል፤ ገና ያልሆነው ይህ ንግሥናው ብቻ ነው። ከንጉሡ የተላከው ሮስ የኮዶርን ሹመት ሲያበስረው ግን ማክቤዝ ለብቻው ያወራል፤ ጸጉሩን የሚያቆመው፣ ልቡን ከጎድኑ የሚያላጋው የግድያ ሐሳብ ያኔ ከገዛ ውስጡ ብቅ ይላል። አብሮት የነበረው የጦር ባልደረባው ባንኮም ትንቢቱን ሰምቷል፤ እሱ ግን የጨለማ ኃይሎች በጥቃቅን እውነት አጥምደው በዋናው ጉዳይ ይከዱናል ብሎ ያስጠነቅቃል። የሁለቱን ንግግር ጎን ለጎን ገልብጡት።

አምስተኛው ትዕይንት በደብዳቤ ይከፈታል። ማክቤዝ ስለ ራሱ የተነገረውን ለሚስቱ ሲጽፍ፣ የባንኮ ልጆች ይነግሣሉ የተባለውን አንድም ቃል አላነሳም። ለእኔ የመጀመሪያው መሸሸግ እሱ ነው። በክበባችሁ ተከራከሩበት።

ለመድረክ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቁስለኛው የጦር አለቃ የውጊያውን ወሬ ሲያወራ የእኛ አገር ልጅ ፉከራ ይቀናዋል። ሰውዬው ደሙ እየፈሰሰ ነው፤ መጨረሻ ላይ ዛልኩ ይላልና ትንፋሹ እያጠረ ይሂድ። በአራተኛው ትዕይንት ደግሞ ዳንከን ከማክቤዝ በፊት ስለነበረው ከሐዲ የኮዶር መስፍን ሲናገር፣ የሰውን ልብ ከፊቱ የሚያነብ ጥበብ የለም ይላል፤ ወዲያው ማክቤዝ ይገባል። መግቢያው ከዘገየ ተመልካቹ አያያይዘውም።

ስድስተኛው አጭር ነው፤ ንጉሡ በኋላ የሚሞትበትን የማክቤዝን ግቢ አየር ሲያደንቅ ስሙት። ጊዜያችሁን ለሰባተኛው አቆዩ። ማክቤዝ ንጉሡን እራት ላይ ትቶ ወጥቷል። በሸዋ እንግዳውን ማዕድ ላይ ጥሎ የሚነሳ ባለቤት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ተዋናዩ ያንን ነውር በሰውነቱ ያሳይ። እንዳይገድል ምክንያት ይደረድራል፦ ዘመዱ ነው፣ ጌታው ነው፣ እንግዳው ነው፣ በዚያ ላይ ደግ ንጉሥ ነው። ሚስቱን «ከእንግዲህ አንገፋበትም» ይላታል። 50 ያህል መስመር ቆይቶ ተሸንፏል። እሷ ግን ከምክንያቶቹ አንዱንም አልመለሰችም፤ ወንድነቱን፣ ፍቅሩንና የገባውን ቃል ነው የነካካችው። «ባይሳካልንስ?» ብሎ ሲጠይቃት አስምሩበት። እዚያ ላይ ነገሩ ይገባል አይገባም የሚለው ቀርቶ፣ ይሆናል አይሆንም ሆኗል። ተዋናዩ ይህችን መስመር ሳይጮህ፣ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ይበላት።