በነሐሴ የማያፈስ፣ በታኅሣሥ የሚንጠባጠብ ጣሪያ

ደሴ ሸዋ በር ላይ፣ በወላጆችዎ ግቢ ውስጥ፣ ወንድምዎ ኮምቦልቻ በሠራበት ፕላን የብሎኬት ቤት እንደ ሠሩ ጽፈውልኛል። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጣሪያው ሁለት ጊዜ በሲልከን ቢደፈንም አልተሻለውም፤ ማታ ማታ ከሰል እያስገቡ ይሞቃሉ። አሁን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለመግዛትና የቀረውን አሮጌ የድንጋይ ቤት አፍርሰው በዚያው ፕላን ሳሎን ለመቀጠል አስበዋል። ግዢውንም ማፍረሱንም ለጊዜው ያቆዩት። ከሰሉን ግን ዛሬውኑ ከመኝታ ቤት ያውጡ።

በነሐሴ ዝናብ አንድ ጠብታ እንዳልወረደ መጻፍዎ ጥርጣሬዬን ወደ አንድ ነገር መርቶታል። ጣሪያዎ አያፈስም፤ ውሃው ከራሱ ከቤቱ የሚወጣ ነው። ለማረጋገጥ ጎሕ ሲቀድ አንድ የኮርኒስ ቺፑድ ነቅለው በባትሪ ይመልከቱ። የቆርቆሮው ሆድ በሙሉ በጥቃቅን ጠብታ ተሸፍኖ፣ ውሃው ተዳፋቱን ይዞ ወርዶ ማገሩ ላይ ሲደርስ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። ከአንድ ሚስማር ሥር ብቻ የሚወርድ የዝገት መስመር ካገኙ ግን ሚስማሩን ከነጎማው ይለውጡ።

ምክንያቱን በደንብ መረዳት ስለሚያስፈልግ ጥቂት ልዘርዝረው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ብራ ሲሆን ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ደመናማ በሆነው የክረምት ሌሊት ግን ደመናው ሙቀቱን ስለሚመልስለት ይህን ያህል አይቀዘቅዝም። በሌላ በኩል 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ እንፋሎት ሊሸከም ሲችል፣ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የሚሸከመው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ውሃ ሆኖ ይወጣል። ክፍልዎ 18 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 70 በመቶ ቢሆን፣ ከ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ በታች የቀዘቀዘ ገጽ ሁሉ ጤዛ ይይዛል። የተኙ ሰዎች ትንፋሽ፣ የወጥ ቤት እንፋሎትና ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ በኮርኒሱ ክፍተት ሽቅብ ወጥተው፣ በብረት አክንባሎ ሥር እንደሚታየው ላብ ቆርቆሮው ላይ ይሰበሰባሉ።

ሲልከን የደፈነልዎ ሰው በክፈፉ በኩል ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ቀዳዳ ሁሉ ዘግቶ ከሆነ፣ እርጥቡ አየር የሚወጣበትን ብቸኛ መንገድ ነው የዘጋው። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም ያሳዝነኛል፤ ገንዘብ ተከፍሎበት ጉዳቱን ያባብሳል። ርካሽ ሲልከን ደግሞ ቆርቆሮው ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲኮማተር ተሰንጥቆ ይላቀቃል። የተከደነው ቆርቆሮም 35 ጌጅ ከሆነ እጅግ ስስ ነውና ለሚቀጥለው ሥራ አይድገሙት።

መጀመሪያ በሁለቱም ክፈፎች በኩል የተደፈነውን ከፍተው አይጥና ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይምቱበት። ቀጥሎ የኮርኒሱን ዳርና የመብራቶቹን ቀዳዳ ይዝጉ፤ ከዚያም ከኮርኒሱ በላይ በመጀመሪያ ፕላስቲክ አንጥፈው በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ወይም የመስታወት ጥጥ ያስተኙ። በፎሙና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ቦታ ይቅር። ፎም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የመብራት ሽቦ በቱቦ ውስጥ ይለፍ። ይህ ሳይሠራ 2,000 ዋት ማሞቂያ አምስት ሰዓት ቢያበሩ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይከፍላሉ፤ አብዛኛው ሙቀት ግን በጣሪያው ይወጣል።

ቤቱ ከተደፈነ በኋላ ከሰል ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። ጢሱ ካለቀ አይጎዳም የሚባለው ስሕተት ነው፤ የጋለ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

ስለ ሳሎኑ፣ ያንኑ ፕላን አይድገሙት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚያ ሙቀት ለመሸሽ ወደ ሰሜን የተከፈተ ሰፊ መስታወት እዚህ ብርድ ብቻ ይሰጥዎታል። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትሆን ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ ያዙሩት። 60 ሴንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በዚያ ሰዓት ከበታቹ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጠላ፣ የመስኮቱ አናት ከክፈፉ ዝቅ ብሎ ይጀምር።

የወላጆችዎን የድንጋይ ቤት ባያፈርሱት እመርጣለሁ። ወፍራሙ ግንብ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ቀስ እያለ ስለሚለቀው፣ ሳሎኑን በዚያው ውስጥ አድርገው የደቡቡን መስኮት ብቻ ማስፋት ይችላሉ፤ ቤቱም ከጎረቤት ቤቶች ጋር እንደ ተስማማ ይቆያል። ከመስኮቱ በላይ የሚጫነውን ለመሸከም ግን አስቀድሞ ጠንካራ አግዳሚ ይግባ፤ ግንቡን ሳይደግፉ አይክፈቱት። ድንጋዩ በጭቃ የተገነባ ከሆነ በሲሚንቶ አያስለስኑት፤ እርጥበቱ ታፍኖ ጭቃውን ያበሰብሰዋል። በኖራ ወይም በጭድ ጭቃ ይለሰን። በአዲሱ ሳሎንም ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፣ ፍሙም ከመተኛትዎ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።