«ተኩስ ይቁም» ሲባል መሳሪያዬ ጥይት ጎርሶ ቢሆንስ?

የቀረችውን ጥይት ተኩሰህ አትጨርስ፣ አንዲትም ብትሆን። እዚህ አሜሪካ በሜዳ ላይ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች «ሲዝ ፋየር» ከተባለ ወዲያው ታቆማለህ።

1. ጣትህን ከቃታው አውጣ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይቆይ።
2. ካዝናውን አውልቅ፣ የጎረሰውን ጥይት አስወጣ፣ የመሳሪያው የጥይት መጉረሻ ክፍት እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ።
3. ከመስመሩ ወደ ኋላ ውጣ። ሰው ዒላማው ጋ እያለ መሳሪያህን ለማስተካከል እንኳ እንዳትነካ።

ደግሞ አንገቱ ክፍት የሆነ ሸሚዝ ለብሰህ እንዳትሄድ። እኔ አንዴ ከጎኔ የተፈናጠረ ትኩስ ቀለህ ኮሌታዬ ውስጥ ገብቶ ደረቴን ለበለበኝ። በድንጋጤ ሽጉጡን እንደያዝኩ ወደ ሰዎቹ ልዞር ነበር! ቢያቃጥልህም ቻለው፤ መጀመሪያ መሳሪያውን አስቀምጥ፣ ከዚያ ሸሚዝህን አራግፍ።