የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ምን ይሠራልናል? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ስለ ኮንግረስ ተወካዮቻቸው ቢሮ ላነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ ተወካይ ማን እንደሆነ በዚፕ ኮድ ስፈልግ ሁለት ሰዎች ይመጡብኛል። የትኛው ነው የኔ?

አንድ ዚፕ ኮድ ለሁለት የምርጫ ወረዳ ሊከፈል ስለሚችል ነው። በታችኛው ምክር ቤት ድረ ገጽ፣ በሀውስ ዶት ገቭ ላይ፣ ዚፕ ኮዱ ብቻ ሳይሆን የመንገዱንና የቤት ቁጥሩን ጭምር ያስገቡ፤ አንዱ ይቀራል። ድምፅ የሚሰጡት የታችኛው ምክር ቤት ተወካዮች 435 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ ወደ 760 ሺህ ሕዝብ ይወክላሉ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሴናተሮች አሉት። ስለዚህ በግዛት የሚኖር ሰው ሦስት ቢሮ አለው ማለት ነው።

ስልክ ሲያነሱልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት አድራሻዎን ነው። ከወረዳው ውጭ ከሆኑ ወደ ራስዎ ተወካይ ይመሩዎታል። የአጎት ልጅ አድራሻ ሰጥቶ «የተሻለ» የሚሉትን ተወካይ ለማግኘት መሞከር አያዋጣም፤ ፎርሙ ላይ የሚሞላው አድራሻ ፋይልዎ ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ጉዳዩ እዚያው ይቆማል።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ሞልቼ ጸድቋል፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ ኢንተርቪው አድርጋ አንድ ወረቀት ሰጥተው ሸኟት። ኢንተርኔት ላይ ሳየው «ሪፊውዝድ» (ተከልክሏል) ይላል። ስምንት ወር ሆነን። ኮንግረስማኑ ሊያስወስኑልን ይችላሉ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያ ቃል አያስደንግጥዎ። ባለቤትዎ የተሰጣት ወረቀት ላይ 221 ጂ የሚል ካለ፣ ድረ ገጹ «ሪፊውዝድ» ብሎ የሚያሳየው ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሆኖ እያለም ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ቃል ብቻ ተስፋ ቆርጦ ተቀምጧል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ራሱን ያንብቡት። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ይህ ሰነድ ይቀራል፣ አምጡ» ይላል፤ የፖሊስ ማስረጃ፣ የስፖንሰር የታክስ ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ኳሱ በእናንተ ሜዳ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላስገባችሁ እንደገና ማመልከትና እንደገና መክፈል ይመጣል። ሁለተኛው «አድሚኒስትሬቲቭ ፕሮሰሲንግ» ይላል፤ ይህ ከእናንተ የሚፈለግ ነገር ሳይኖር እነሱ የሚያጣሩት ነው። የተወካይ ቢሮ ብዙ የሚረዳው ለዚህኛው ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ቢሮው ውስጥ ኬዝወርከር የሚባል ሠራተኛ አለ። እርስዎ የፈቃድ ፎርም ይፈርማሉ፤ ኬዝወርከሩ ለኤምባሲው የቆንስላ ክፍል ይጽፋል፤ ኤምባሲው ለቢሮው ይመልሳል፤ ቢሮው ለእርስዎ ይልካል። የሚገኘው መልስ ጉዳዩ የት እንደቆመና ምን እንደቀረ ነው። ተልኮ የጠፋ ሰነድ፣ ጊዜው ያለፈበት የሕክምና ምርመራ፣ ሳይሻገር የቀረ ፋይል የሚገለጠው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ቪዛ ስጡ ብሎ ማዘዝ ግን ኮንግረስማኑም ሆነ ሴናተሩ አይችሉም፤ በሕግ የመወሰን ሥልጣን የቆንስሉ ነው።

ጥያቄ፦ የፈቃድ ፎርሙን ሁለት ጊዜ ሞልቼ ሁለቴም ተመለሰብኝ። ምን እያጠፋሁ ነው?

ፎርሙ የመጣው ከ1974ቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው፤ ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ፋይልዎ ለሌላ ሰው ትንፍሽ ማለት አይችልም። በእኛ ሰው ፎርም ላይ የሚበላሹት ነገሮች ተደጋጋሚ ናቸው።

የመጀመሪያው ስም ነው። የአባትና የአያት ስም ቦታ ይቀያየራል፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል፣ ማመልከቻው ላይ ሌላ ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው የሚለውን ለጊዜው ይተዉትና ማመልከቻው ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይገልብጡ።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1980 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 21 ቀን 1988 ነው፤ አንዱ ወረቀት ላይ 1980፣ ሌላው ላይ 1988 ሲሆን ለሠራተኛው ሁለት ሰው ይመስላል። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ አስቀድመው እንደሚጽፉም አይዘንጉ።

ሦስተኛው የጉዳይ ቁጥር ነው። የኢሚግሬሽን ደረሰኝ ቁጥር ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደልና አሥር አኃዝ ነው። ጉዳዩ ወደ ቪዛ ማዕከል ሲሻገር ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለአዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ ብሎ ይጀምራል። ኢንተርቪው የደረሰ ሰው የድሮውን የደረሰኝ ቁጥር ብቻ ሲልክ ጥያቄው ፋይሉ ወደሌለበት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ሁለቱንም ይጻፉ።

ፊርማውን በእስክሪብቶ ይፈርሙ፤ በኮምፒውተር የተተየበ ስም ፊርማ ተብሎ የማይቀበለው ቢሮ ብዙ ነው። ለእናትና ለአባት ልጅ አይፈርምም፤ የባለጉዳዩ ፊርማ ነው የሚፈለገው። ኦሪጅናል ሰነድ ደግሞ ለማንም አይላክ።

ጥያቄ፦ ገና ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ዜጋ ሳልሆን ብጠይቅ ያስተናግዱኛል?

አዎ። የሚቆጠረው ወረዳው ውስጥ መኖርዎ ነው። የማይፈቀድልዎ መምረጥ ነው፤ ይህን ጠንከር አድርጌ ልናገር። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የመራጭነት ምዝገባ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሠራተኛው ቸኩሎ «እዚህ ፈርም» ቢል እንኳ ሳያነቡ አይፈርሙ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ባለማወቅ የተደረገች ምዝገባ ዜግነት ልታስከለክል፣ ከአገር እስከማስወጣትም ልታደርስ ትችላለች።

ጥያቄ፦ እንዲፈጥንልኝ ለተወካዩም ለሁለቱም ሴናተሮች ላክሁ። ጥሩ አደረግሁ?

አላደረጉም። ሦስቱም ጥያቄ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል። አንዱን መርጠው ሁለቱን በኢሜይል ያስቁሙ። አጥጋቢ መልስ ካልመጣ ያን ጊዜ ወደ ሌላው ይሂዱ፣ የመጀመሪያውንም መልስ ያያይዙ።

ጥያቄ፦ ኬዝወርከሯ ብዙ ደክማልናለች። ለበዓል ስጦታና ለኮንግረስማኑም ትንሽ ቼክ ብንወስድ?

እህቴ፣ እጅ መንሻ አገር ቤት አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን እሷን ችግር ውስጥ ይከታታል። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ለምርጫ ዘመቻ የሚሆን ገንዘብ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ መቀበል በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ዘመቻው ሌላ አድራሻ፣ ሌላ ስልክ አለው። ስሟን ጠቅሳችሁ ለተወካዩ ግማሽ ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ ለሥራዋ የሚጠቅማት እሱ ነው። ደግሞ «የኮንግረስ ደብዳቤ አስወጣልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ አጭበርባሪ ነውና ራቁት።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት ከጠየቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ኢንተርቪው አልተጠራሁም። ቢሮው ያስጠራኛል?

የዚህን ሕመም አውቃለሁ፤ ልጆች ከአባታቸው ተለይተው የሚያድጉበት ጥበቃ ነው። በ2018 መጀመሪያ ላይ ኢሚግሬሽን አዲስ የገቡትን አስቀድሞ መጥራት ስለጀመረ የቆዩት ወደ ኋላ ቀሩ። ቢሮው ሁኔታውን ሊጠይቅልዎ ይችላል፤ ወረፋ አያስዘልልም። የሚሻለው መንገድ ለማፋጠን የሚያበቃ ምክንያት ካለዎት እሱን በማስረጃ ለራሱ ለኢሚግሬሽን ማቅረብ፣ ከዚያ ቅጂውን ለኬዝወርከሩ መስጠት ነው። ከባድ ሕመም ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ ከነቀኑና ከነፊርማው ያስፈልጋል፤ «ታምሜያለሁ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይሠራም። ጉዳይዎ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ቢሮው ዳኛው ላይ ተጽዕኖ ማድረግ አይችልም፤ እዚያ የሚያስፈልግዎ ጠበቃ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ለልጄ ምርቃት እንድትመጣ ተወካዩ ደብዳቤ ቢጽፉ ቪዛ ይሰጧታል?

ደብዳቤ የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ። ነገር ግን የጉብኝት ቪዛ የሚከለከለው አብዛኛውን ጊዜ ተመልሳ እንደምትሄድ ቆንስሉን ስላላሳመነችው ነው፤ ይህን የሚያሳየው እሷ የምትመልሰው መልስና አገር ቤት ያላት ኑሮ ነው። ደብዳቤ ካስጻፉ ከቀጠሮው በፊት ይሁን፤ ከተከለከለች በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ውሳኔ አይቀይርም።

ጥያቄ፦ ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ሐሳቤን ለማሰማት ስልክ ይሻላል ኢሜይል?

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ከቀረበ ስልክ። የካፒቶል ማዞሪያ ቁጥር 202-224-3121 ነው፤ የተወካዩን ስም ይንገሩ፣ ያገናኙዎታል። የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ወጣት ተለማማጅ ነው፤ ስምዎን፣ ዚፕ ኮድዎን፣ የረቂቁን ቁጥር፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆንዎን መዝግቦ ያስገባል። እንዲህ ይበሉ፦ «እገሌ እባላለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ዚፕ ኮዴ 20910። ተወካዩ ይህን ቁጥር ረቂቅ እንዲደግፉ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። መልስ በጽሑፍ እፈልጋለሁ።» አንድ ደቂቃ አይሞላም። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ከተረኩለት ግን ቁጥሩን ሳይመዘግብ ሊቀር ይችላል።

አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሺህ ሰው ሲልክ በጅምላ ይቆጠራል፣ አንድ ዓይነት መልስም ይመጣል። ሁለት ዓረፍተ ነገር በራስዎ ቃል ቢጨምሩበት ይለያል። በፖስታ ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ደብዳቤ በደብዳቤ ከተፈጸመው የ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ በሌላ ቦታ እየተፈተሸ ስለሚገባ ይዘገያል፤ ወረቀት ከሆነ ለአካባቢው ቢሮ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ስለ ኢትዮጵያ ከቀረቡት ረቂቆች ኤች ሬስ 128 አልፏል፣ ኤች አር 6600 አላለፈም ይባላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰዎቻችን ከደገፉም ከተቃወሙም ወገን ብዙ ስለደከሙባቸው ጥሩ ምሳሌ ናቸው። «ኤች ሬስ» የታችኛው ምክር ቤት ብቻውን የሚያወጣው የአቋም መግለጫ ነው፤ ወደ ሴኔት አይሄድም፣ ፕሬዚዳንቱ አይፈርሙበትም፣ ሕግ አይሆንም። 128ቱ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የጸደቀው በቃል ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ተወካይዎ እንዴት እንደመረጡ መዝገብ ላይ ቢፈልጉ አያገኙትም። የሚገኘው ረቂቁን በአጋርነት የፈረሙት ዝርዝር ነው።

«ኤች አር» ግን ሕግ ለመሆን የሚቀርብ ረቂቅ ነው፤ ሁለቱን ምክር ቤቶች ማለፍና መፈረም አለበት። 6600 በፌብሩዋሪ 2022 ቀርቦ የዚያ ኮንግረስ ዘመን በጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ሲያበቃ አብሮ ሞተ። የሁለት ዓመቱ ዘመን ሲዘጋ ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ እንዲህ ይወድቃል፤ እንዲታይ ከተፈለገ በአዲስ ቁጥር እንደገና መቅረብ አለበት። ስለዚህ ከመደወልዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩ፦ ረቂቁ አሁን በየትኛው ኮሚቴ ነው፣ የእርስዎስ ተወካይ እዚያ ኮሚቴ ውስጥ አሉበት?

ጥያቄ፦ ተወካያችን በየወሩ በኢሜይል የሚልኩት ዜና ምርጫ ሲቃረብ ቆመ። ተናደው ይሆን?

አይደለም። ስማቸው ለምርጫ ከቀረበ፣ ከምርጫው በፊት ባሉት 60 ቀናት ማንም ሳይጠይቅ ለ500 ሰውና ከዚያ በላይ በመንግሥት ገንዘብ መልእክት መላክ አይፈቀድላቸውም። እርስዎ ለጻፉት መመለስና ጉዳይ መከታተል ግን አይቋረጥም። በዚያ ወቅት በብዛት የሚመጣው የዘመቻው ወረቀት ነው፤ ማን እንደከፈለበት ግርጌው ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው የምኖረው። እኛ ድምፅ የለንም ይባላል፤ ታዲያ ማን ጋ ልሂድ?

ዲሲ በታችኛው ምክር ቤት ተወካይ አላት፤ በኮሚቴ ይመርጣሉ፣ በመጨረሻው የአዳራሽ ድምፅ ግን አይቆጠሩም። ሴኔት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የላችሁም። ለኢሚግሬሽን፣ ለሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ ለፓስፖርት ግን ቢሮው እንደማንኛውም ቢሮ ይከታተልላችኋል። የከተማው መሥሪያ ቤት በአማርኛ አላስተናግድም ካላችሁ ግን ያ የኮንግረስ ጉዳይ አይደለም፤ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ስለሚያካትት አቤቱታው ወደ ከተማው ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ሳይደርሰኝ ተመለስኩ። ምን ባደርግ ይሻላል?

አስቀድመው ይመዝገቡና በር ላይ የጥያቄ ካርድ ካለ ወዲያው ይሙሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከካርዱ ነው። አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀደም ብለው ለአካባቢው ቢሮ ይደውሉ፣ በዕለቱ ከጠየቁ አይገኝም። ጥያቄዎ የግል ፋይል ከሆነ ማይክ ላይ አያንሱት፤ ዳር ላይ የቆሙት ሠራተኞች ውስጥ ኬዝወርከር ካለ ይጠይቁ፣ የጉዳይ ቁጥሩን የያዘች ወረቀት ይስጡ፣ ስሙንና ኢሜይሉን ተቀብለው ይውጡ።