«ምርመራው ደህና ነው» ከተባለ በኋላም ሕመሙ ካልተወ

እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጅዎን ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ለወራት እያመማት፣ የደም ምርመራዋ ደህና ስለሆነ «የእድገት ሕመም ነው» መባሉን ጽፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የእድገት ሕመም የሚታየው በአብዛኛው ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ነው፤ ማታ እግራቸውን ያማቸዋል፣ ጠዋት ይተዋቸዋል። የእርስዎ ልጅ ግን ጠዋት ስትነሣ ነው መገጣጠሚያዋ የሚገትራት። ይህን ለሐኪሙ አስረግጠው ይንገሩት፤ እብጠት ያዩ ቀን ደግሞ ፎቶ ያንሡ፣ በቀጠሮው ቀን ላይታይ ይችላልና።

ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ የደም ምርመራ ነጌቲቭ መሆኑ ብዙ አያጽናና። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች ውጤታቸው እንደዚያው ነው። ብግነቱ ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሐኪም ይያት። የዓይን ሐኪምም ያስፈልጋታል፤ በሽታው ሳያምም፣ ሳያቀላ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

በአገራችን የሩማቲክ ትኩሳትም መታሰብ አለበት፤ ባክቴሪያ ካመጣው የጉሮሮ ቁስለት በኋላ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ሕመሙ ከጉሮሮ ቁስለት ሳምንታት በኋላ ጀምሮ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ከዘለለ፣ የልብ አልትራሳውንድ ይጠይቁ። «አሶ» የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት ከፍ ማለቱ ብቻውን ግን በሽታውን አያረጋግጥም፤ ባክቴሪያው ቀደም ሲል እንደነበረ ብቻ ነው የሚናገረው። ወርኃዊ የፔኒሲሊን መርፌ ከታዘዘላት ምክንያቱን ይጠይቁ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡት። ጥሬ ወተት የምትጠጣ ከሆነም ይንገሩ፣ በጥሬ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ መገጣጠሚያን ያሳምማል።

ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ያለ ምክንያት የቆዳ መበለዝ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዷት።