ስለ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ጠይቁኝ፦ ከጣና ዳር

ሥራዬ ጨረር የሚያመነጩ መሣሪያዎችን መፈተሽ ነው። ባለፈው እሁድ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ ቀርቦልን አንድ ጓደኛዬ «የኒውክሌር ቆሻሻ ምን ያስቸግራል፣ መቅበር ነው» አለኝ። ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። እናንተም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኛ የኒውክሌር ጣቢያ የለንም። ምን አገባን?

ኧረ ያገባናል! የካንሰር ሕክምናውም፣ የብየዳ ፍተሻውም ጨረር አመንጪ ነገር ይጠቀማል። ደግነቱ ከሕክምና የሚወጣው ብዙው ዕድሜው አጭር ነው። ለእንቅርት ሕክምና የሚሰጠው አዮዲን-131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ 80 ቀን ቆልፈህ ብታስቀምጠው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። ሲዚየም-137 የሚባለው ጨረር አመንጪ ግን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈልጋል። ከኒውክሌር ጣቢያ የሚወጣው ፕሉቶኒየም-239 ደግሞ 24,100 ዓመት። እሱን ቆልፎ የሚጠብቅ ዘበኛ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ቤታችን ከኤክስሬይ ክፍል ጀርባ ነው። እናቴ ማሽኑ ሲያረጅ ምን ይሆናል ብላ ትጨነቃለች።

እናትሽን አረጋጊያት። ኤክስሬይ እንደ አምፖል ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል። አሮጌው ማሽን ውስጥ እርሳስና ዘይት ስላለ እንዲሁ አይጣልም እንጂ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውኃ ጨረር ይከላከላል ይባላል። ጣና ውስጥ ቢጣልስ? 😀

አንተ ልጅ፣ እንቦጩ አንሶን ነው? ውኃ መከላከሉስ እውነት ነው፤ ከኒውክሌር ጣቢያ ማብላያ የወጣ ነዳጅ መጀመሪያ ለዓመታት ገንዳ ውስጥ የሚቀመጠው ለዚያም ነው፣ ለማቀዝቀዝም ነው። ቆሻሻው የታሸገበት ዕቃ ዝጎ ከተበሳ ግን ያው ውኃ ይዞት ይሄዳል። ጣና ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ዓባይ ተቀብሎ ሱዳን ነው። አገሮች ከ1946 ጀምሮ በርሜል እየሞሉ ውቅያኖስ ውስጥ ሲጥሉ ኖረው በ1993 ነው ሙሉ በሙሉ የተከለከለው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ጥያቄ፦ በሮኬት ወደ ፀሐይ ቢላክስ?

ሮኬቱ መንገድ ላይ ቢፈነዳስ?

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?

ጥልቅ ዓለት። ፊንላንዶች ኦንካሎ በሚሉት ቦታ ከ400 ሜትር በላይ ቆፍረዋል። ነዳጁ መዳብ በለበሰ ዕቃ ይታሸጋል፣ ዙሪያው ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ ይጠቀጠቃል። አሜሪካ ግን በ1987 ኔቫዳ ግዛት ያለውን ዩካ ተራራን መርጣ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰች በኋላ የኔቫዳ ሰዎች «በእኛ ደጅ አይሆንም» ብለው ነገሩ ቆመ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቁፋሮው ይልቅ የከበደው ሰው ማሳመኑ ነው።

ሌላም አለ። ከ10 ሺህ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው «እዚህ አትቆፍር» ብለህ በምን ቋንቋ ትጽፍለታለህ? የጣና ገዳማት ብራናዎች ገና የመቶዎች ዓመት ዕድሜ ይዘው፣ ግዕዝ ያልተማርን ሰዎች ቆመን ሥዕሉን አይተን ነው የምንመለሰው።

ጥያቄ፦ አንተን በግልህ የሚያስፈራህ የቱ ነው?

ቆራሌው! እውነቴን ነው። በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ አንድ የሕክምና ተቋም ሲለቅ የካንሰር ማከሚያ ማሽኑን ባዶው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። ሁለት ሰዎች ፈታተው ለብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ዱቄት ነበረ፣ ሲዚየም። ነጋዴው ጉድ ብሎ ለዘመድ ለወዳጅ አከፋፈለው። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ዱቄቱ በነካው እጇ ምግብ በላች፤ ሞተች። በጠቅላላው 4 ሰው ሞተ፣ ከ112,000 በላይ ሰው ተመረመረ። 100 ግራም የማይሞላው ያ ዱቄት፣ ቤት ፈርሶ አፈር ተዝቆ 3,500 ሜትር ኩብ ገደማ ቆሻሻ ወለደ።

ጥያቄ፦ የብረታ ብረት ሱቅ አለኝ ጌታዬ። በምን ልለየው?

መጠኑ ትንሽ ሆኖ ክብደቱ ጉድ የሚያሰኝ የእርሳስ ዕቃ ከመጣልህ ጠርጥር። ቢጫ ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ጥቁር ምልክት ካየህ ደግሞ አትፍታው፣ በመጋዝ አትንካው፣ ኪስህ አትክተተው። ራቅ በል፤ ርቀቱን እጥፍ ስታደርገው የሚደርስብህ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰው አታስጠጋ፣ ለፖሊስ ደውል። ያመጣውንም ሰውዬ እንዳትለቀው፣ ከየት እንዳገኘው ይጠየቃል።